ጉራ ሲሆን ትነፋለህ፣ መሣሪያ ሲሆን ትፈራለህ

«ምን ጠጥተህ ነው?»

«ውሃ ነዋ።»

«ውሃውስ ምን ጠጥቶ ነው?»

ከወልድያ እስከ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጥር የሰርግ ሰሞን ግን አንዳንዱ ሹፌር ከግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ጠርዝ እየተመላለሰ ስለሚነዳው 45 ይሆናል። ነዳጅ ተወደደ ብሎ የሚያማርረውም እሱው ነው። ስሪንቃ ላይ ትራፊኩ እጁን ሲዘረጋ ክርክሩ ይጀመራል።

ክርክሩን አልጠላውም። ጠጥተሃል የተባለ ሰው «አረጋግጥ» ማለት መብቱ ነው፤ ቢለምድበትም ለአገር ይበጃል ባይ ነኝ። የሚያበሳጨኝ ሹፌራችን የሚያዋጣውን ክርክር ትቶ የማያዋጣውን ሙጭጭ ማለቱ ነው። ትራፊካችን ደግሞ መሣሪያ ሳይዝ ሰው ይይዛል።

ከሹፌሩ እንጀምር። አፉ ቅርብ ነው፤ ሽታውም።

«ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት።» በዚህ መስመር ከሁለት በላይ ጠጥቶ የተያዘ ሹፌር እስካሁን አልተገኘም። ሁሉም ሁለት ነው። የቢራ ፋብሪካዎቹ እንዴት ሳይከስሩ እንደሚውሉ የሚያውቅ ካለ ይንገረን። ጠላ ከሆነማ «ሁለት» ሲል ጣሳ ይሁን እንስራ አይናገርም።

«ኧረ ወላሂ ከሪቦ ነው!» ወንድማለም፣ ከሪቦማ ስም አታጥፋበት። የወሎ እናት ልጅ አዋቂ ሳትለይ የምታጠጣው ነው። ከሪቦ ጠጥቶ ትራፊክ ሊያቅፍ የተንደረደረ ሰው ግን አላየንም።

«ቡና ጠጥቼበታለሁ።» ይቺን ጉበትህ ትመልስልህ። ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ሰዓት ነው፤ በአማካይ በየሰዓቱ ከአንድ ሊትር ደም 0.15 ግራም ያህል። አንዲት ቢራ ለማጥራት ለአብዛኛው ሰው ሁለት ሰዓት ይጠጋል። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ብታከታትልበት ጉበት አይቸኩልም። ቡና የሚያደርገው ያንቀላፋውን ሰካራም የነቃ ሰካራም ማድረግ ነው። ሎሚ መምጠጥ፣ ነጭ ሽንኩርት ማኘክ፣ ቃሪያ መንከስም ያው ነው፤ መሣሪያው የሚለካው ከሳንባ የሚወጣውን አየር እንጂ ማባያውን አይደለም። ትራፊኩን ግን ያስርበዋል፤ የራበው ትራፊክ ደግሞ አይምርህም።

«እኔ የቃምኩት ጫት ነው፤ መሣሪያህ አያነበውም።» እውነት ነው፣ አያነበውም። የድልብ ዳገት ያነበዋል።

«ማንን ገደልኩ?» ብትገድልማ የምንነጋገረው በሌላ አንቀጽ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይዘረዝርና ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ሲደርስ፣ በአልኮል ራሱን ስቶ ለገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አስቀምጦለታል። የገንዘብ መቀጮው ምርቃት ነው። «ሰክሬ ስለነበር ያደረግኩትን አላውቅም» ለማለት ያሰብክ እንደሆነም አንቀጽ 50 ቀድሞህ ወንበር ስቦ ተቀምጧል፤ በገዛ ጥፋቱ አእምሮውን የጣለ ሰው በጣለው አእምሮ ማመካኘት አይፈቀድለትም። ደግሞስ ጠዋት «አልጠጣሁም»፣ ከሰዓት «ሰክሬ ነበር» እንዴት ይሆናል? አንዱን ምረጥ። ሁለቱ በአንድ ጋቢና አይሳፈሩም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ማዕረጉ ነው። በደኅናው ቀን «ትራፊኩ» የሚለውን ሰው፣ ጠጥቶ ሲያዝ እየሾመው ይሄዳል። ልኬቱ በሹፌሮች ዘንድ የታወቀ ነው። በአንድ ቢራ «ሳጅን»፣ በሦስት «ኢንስፔክተር»፣ ካቲካላ ከገባበት «ኮማንደር»። ኮንስታብሉን «ክቡር ኮሚሽነር» ያልከው ለት ግን መሣሪያም አያስፈልግ፤ ቁልፉን ለረዳቱ ስጥና ኋላ ሄደህ ተኛ።

አሁን ደግሞ አዲስ መጥቷል። ዋሽንግተን ያለ የአክስት ልጅ በስልክ ጠበቃ ሆኗል። «በቂ ጥርጣሬ ከሌለው ሊያስቆምህ አይችልም በለው! እንዳትፈራ!» ይላል ከማዶ፤ እሱ ምን አለበት፣ አሳሪው ሩቅ ነው። የኛውም ጀግና መስታወቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ ለሐብሩ ትራፊክ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያነብለታል።

«በምን ጥርጣሬ ነው ያስቆምከኝ?»

«ጥርጣሬ የለኝም። ፊሽካ ነው ያለኝ።»

የአክስት ልጅ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 በአንድ የዴላዌር ጉዳይ ላይ፣ ፖሊስ ያለ ምንም ጥርጣሬ ደስ ያለውን መኪና እየነጠለ ማስቆም አይችልም ብሏል። ያው ፍርድ ቤት ግን በ1990 በሚሺጋን ጉዳይ፣ መኪናን ሁሉ በወጉ እያስቆመ የጠጣውን የሚለይ ኬላ ፈቅዷል። የአክስት ልጅ የመጀመሪያውን ቪዲዮ አይቶ ሁለተኛው ሳይደርስ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል። እኛ ዘንድ መኪና አስቁሞ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና ቦሎ ማየት የትራፊክ ፖሊስ የዕለት እንጀራው ነው፤ ከደንብ ቁጥር 208/2003 ጀምሮ የመጡት የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቦችም የሚሠሩት መኪናው ሲቆም ነው። ስለዚህ «ለምን አስቆመኝ» የምትለዋን ክርክር ይዘህ መርሳ ፍርድ ቤት ብትሄድ ከበሩ አታልፍም።

ማስቆም ሌላ፣ ማሰር ሌላ መሆኑን ግን ትራፊኩም ይስማ። የአክስት ልጅ የማያውቀው ነገር የኛም ሕገ መንግሥት አፍ ያለው መሆኑን ነው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረው ይላል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። ዝም የማለት መብትም ሰጥቷል፤ የተናገርከው ሁሉ ማስረጃ ሊሆንብህ እንደሚችል እንዲነገርህም አዟል።

ዝም የማለት መብት በወሎ ብዙ ተጠቃሚ የለውም።

«የመናገር ግዴታ የለብህም።»

«ምንም አልናገርም! ገና ከሦስተኛው ጠርሙስ ጀምሮ ላልናገር ለራሴ ቃል ገብቻለሁ!»

ይጻፍልን።

የትራፊኩ ተራ ደረሰ። አለቃ፣ ብዙ አትሳቅ።

ሕጉ የስካርን ወሰን ያስቀመጠው በቁጥር ነው። ቁጥር የሚወጣው ደግሞ ከመሣሪያ ወይም ከደም ምርመራ ነው፤ ከአፍንጫ የወጣ ቁጥር እስካሁን አልታየም። ፈረንጆቹም ድሮ እንዳንተው ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ተጠርጣሪውን በጠመኔ በተሰመረ መስመር ላይ ያስኬዱት፣ ምላስ የሚያወላክፍ ዐረፍተ ነገር ያስደግሙት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሕግ አውጥተው በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም ብለው እስኪወስኑ ድረስ። ያ ፈተና እዚህ ቢመጣ ኖሮ ሁላችንም ነፃ ነበርን። የወሎ ሰው ምላሱ ሰክሮም አይወላከፍም፤ እንዲያውም ያኔ ነው የሚፈታው። መስመሩም ቢሆን፦

«በቀለሙ መስመር ላይ ቀጥ ብለህ ሂድ።»

«መጀመሪያ መስመሩን አምጣው!»

አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ሮላ ሃርገር የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ በ1930ዎቹ ፊኛ የሚያስነፋ መሣሪያ ሠራ። እዚያው ኢንዲያና የነበረው ሮበርት ቦርከንስታይን በ1954 የተሻለውንና በየፖሊስ ጣቢያው የገባውን አመጣ። ሥራው ቀላል ነው፤ ከሳንባ የሚወጣው አየር በደም ውስጥ ካለው አልኮል ድርሻውን ይዞ ይወጣል። ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት ስሌት በ2,100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ያለው አልኮል በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው የሚል ነው። እንግሊዞች 2,300 ይላሉ። ልዩነቱን ያየ ሹፌር ይህ ስሌት እንጂ ራእይ አለመሆኑን ይረዳል፤ ክርክር የሚያዋጣውም እዚህ ላይ ነው።

መሣሪያው በየጊዜው ተስተካክሏል ወይ? የተስተካከለበት ወረቀት የት አለ? የነፋሁት ከጠጣሁ ስንት ደቂቃ በኋላ ነው? አፍ ውስጥ የቀረ መጠጥ፣ ግሳትም ሳይቀር፣ ንባቡን ስለሚያስፈነጥረው 15 ደቂቃ ያህል ሳያስበሉ ሳያስጠጡ እያዩ ማቆየት በዓለም የታወቀ ሥርዓት ነው። ከድንኳኑ በር ላይ የመጨረሻዋን ብርሌ ገልብጦ የወጣን ሰው በሁለተኛው ደቂቃ ብታስነፋው የምትለካው ብርሌዋን ነው። ሁለተኛ ጊዜ ነፋሁ ወይ? ንባቡ የተጻፈው እዚያው ነው ወይስ ጣቢያ ተገብቶ በትዝታ? ሹፌር ሆይ፣ አፍህን ለዚህ አስቀምጠው። «ኮማንደር» እያልክ ያባከንከውን ምራቅ።

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በብሉምበርግ የመንገድ ደኅንነት መርሐ ግብር ከታቀፉት አሥር ከተሞች አንዷ ሆና፣ ጠጥቶ ማሽከርከርን መቆጣጠር ዋና ሥራዋ ካደረገቻቸው ውስጥ ገብቷል። እዚያ ማታ «ንፋ» ስትባል ቢያንስ የምትነፋው ነገር ይሰጥሃል። መሣሪያ በሌለበት ኬላ ግን «ንፋ» ማለት «አፍህን ላሽትት» ማለት ነው። ይህ ደግሞ ወደ ችሎት ያስገባናል። ችሎቱ የጨዋታ ነው፤ ማንም ስሜ ተነሣ እንዳይል።

ጠበቃው ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። ትራፊኩ ምስክር ነው።

«ተከሳሹ መጠጣቱን በምን አወቁ?»

«ሸተተኝ።»

«ምን ሸተተዎት?»

«አረቄ።»

«ስንት ግራም ሸተተዎት?»

ችሎቱ ሳቀ። ትራፊኩም የዋዛ አልነበረም።

«ሚዛን አልያዝኩም። ግን የጫነው ከልኩ በላይ ነበር።»

ዳኛው ራሳቸው ሳል ያዛቸው። ጠበቃው ቀጠለ።

«ሌላስ ምን አዩ?»

«ዓይኑ ቀልቷል።»

«ከየት እየመጣ ነበር?»

«ከሐራ።»

«ሌሊቱን ሙሉ ከሐራ አቧራ ሲቅም ያደረ ሰው ዓይኑ ምን ዓይነት ቀለም እንዲኖረው ይጠብቃሉ?»

«ሲወርድም ተንገዳግዷል።»

«ከምን ላይ ነው የወረደው?»

«ከአይሱዙ።»

«እርስዎ ከአይሱዙ ወርደው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ወርጄ ግን አስፋልቱን ይቅርታ አልጠየቅኩም።»

እጅ ላሰጠ መልስ አጨብጭቡለት፤ ለትራፊኩም ሻይ ይገዛለት። ለዳኛ ግን ተረብ ማስረጃ አይሆንም። አስፋልት ይቅርታ የጠየቀ ሰው ሰክሯል ብዬ እኔ በአረቄ ቤት እወራረዳለሁ፤ ፍርድ ቤት ግን ቁጥር ሲጎድል ይጠራጠራል፣ ሲጠራጠርም ጥርጣሬው ለተከሳሽ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141 የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ጉዳዩን ካላስረዳ ተከሳሹ ተከላከል ሳይባል በነፃ ይሰናበት ይላል። አለቃ፣ በአፍንጫህ የያዝከው እውነተኛ ሰካራም በዚያ በር ወጥቶ ሲሄድ የሚስቀው ባንተ ነው። መሣሪያ ይሰጠኝ ብለህ አለቆችህን ሞግት፤ እኛን በመስኮት ከማሽተት ይሻላል። ሹፌሩም ቢሆን «ደሜ ይመርመርልኝ» ብሎ በጊዜ ይጠይቅ፤ ሲነጋ ጉበቱ ማስረጃውን ጨርሶታል፣ የሚጠቅመውንም የሚጎዳውንም።

ክሱን ሲሰጡህ ደግሞ አንብበው። ሳታነብ «አላጠፋሁም» ብለህ አትንጫጫ። የዚያው የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 111 ክሱ መቼ፣ የት፣ ምን እንደተደረገ፣ የትኛው ሕግ እንደተጣሰ ይጻፍበት ይላል። «በሐብሩ ወረዳ ክልል በአንድ ምሽት» የሚል ክስ ተረት ተረት ነው፤ የላም በረት ብለህ ትመልሳለህ። መቃወሚያህን ክሱ እንደተነበበልህ አንሣ፤ ከአምስት ቀጠሮ በኋላ ትዝ አለኝ ብትል ሰሚ የለህም። ታዲያ መቃወሚያ ሲባል ቁም ነገር ይሁን።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ስሜ በሐመሩ ሐ መጻፍ ሲገባው በሃሌታው ሀ ተጽፏል። ስለዚህ የተከሰሰው እኔ አይደለሁም።»

«የጠጣውስ የትኛው ነው?»

ተከሳሹን ያላሳሳተ የፊደል ግድፈት ክስ አይጥልም፤ ይታረማል። አንድ የሚገርም ነገር ግን ልንገርህ። «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» ስትባል «አዎ» ብለህ ከቆምክ በዚያው ሊፈረድብህ ይችላል። «አዎ፣ ግን...» ብለህ ካንጠለጠልክ ሕጉ እንደ ካደ ሰው ይቆጥርህና ዐቃቤ ሕጉን አስረዳ ይለዋል። በሕይወትህ ሙሉ «ግን» እያልክ ያስቸገርካት ሚስትህ ይህን እንዳትሰማ።

«ይግባኝማ ምን ዋጋ አለው? ያው ናቸው» የሚልም አለ። ቴዲ አፍሮን ጠይቀው። የሱ ክስ መጠጥ አልነበረም፤ ሰው ገጭቶ አመለጠ የሚል ነበር፣ እሱም አልፈጸምኩም ብሎ ተከራከረ። በ2001 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ ሁለት ዓመት ወረደና በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ተፈታ። ስለ ፍርዱ አገር ሁለት ተከፍሎ ተከራክሯል፤ እኔ የምቆጥረው ከስድስት ላይ የተቀነሰውን አራት ነው። ከመርሳ ወረዳ ፍርድ ቤት ወልድያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የዚያችው የ30 ኪሎ ሜትር መንገድ ናት። ስትሄድ ብቻ ጠጥተህ አትሂድ።

የሻይዋን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ትራፊኩም ሹፌሩም ፈራን ይሉኛል። ማስታወሻ ደብተሩ ወጥቶ፣ እስክሪብቶው ተፈትቶ፣ ግን አንድም ፊደል ሳይጻፍ የሚቆይባት ዝምታ አለች። ከዚያ «ለሻይ» ይባላል። ሹፌሩም ያወጣል፤ ነገ ደግሞ «ትራፊኮች ሌቦች ናቸው» እያለ አረቄ ቤት ያወራል፣ መንጃ ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ሆኖ። አለቃ፣ እሱ ቢራውን ጠጣ፣ አንተ ሻይህን ጠጣህ፤ ጨለማ ለብሳ መንገድ የምትሻገረው የውርጌሳ ገበያተኛ ምን ጠጣች? የሚከራከር ሹፌር እወዳለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። ችሎት ፊት «አረጋግጥ» የሚል ሰው ትራፊኩን መሣሪያና ወረቀት እንዲይዝ ያስገድደዋል፤ ሻይ የሚገዛው ግን ለመጪው ሰካራም መንገድ ይጠርግለታል።

አብሽር፣ ጨርሻለሁ። አንዷን ግን ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሹፌሩ ነፋ፣ ቁጥሩ ወጣ፣ ወረቀቱ ተጻፈ፣ ሁሉም በወጉ ሆነ። ሚኒባሱ ሙሉ ተሳፋሪ ነው።

«በቃ ረዳቴ ይንዳው።»

«መንጃ ፈቃድ አለው?»

«የለውም። ግን አልጠጣም።»

«አንተ ፈቃድ አለህ፣ ራስህ ላይ አይደለህም። እሱ ራሱ ላይ ነው፣ ፈቃድ የለውም። ሁለታችሁ ብትደመሩ አንድ ሹፌር ይወጣችሁ ነበር።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? መደመር የመንግሥት ሐሳብ አይደል እንዴ? ደምረህ አሳልፈና!»